ፈንታሌ ሲንቀጠቀጥ ኤች-ኢንዴክስ የማይቆጥረው ሥራ

በየዓመቱ በዓለም «ግንባር ቀደም» የተባሉ ሳይንቲስቶች ስም ዝርዝር ይወጣል። የሥነ ምድር፣ የውቅያኖስና የአየር ንብረት ተመራማሪዎችም ከአንደኛ ጀምሮ በተራ ይደረደራሉ። ስሙ የወጣለት መምህር ፎቶው በየገጹ ይለጠፋል፤ የእንኳን ደስ አለዎት መልእክት ይጎርፋል። ደስታው ነውር የለውም። ግን ዝርዝሩ የሚለካው ምንድን ነው?

መልሱ አጭር ነው፦ መጠቀስን። አንድ ተመራማሪ የጻፈውን ሌሎች ተመራማሪዎች ስንት ጊዜ ዋቢ አደረጉት? ይህን ቆጠራ በስፋት ያስጀመረው አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ሲሆን የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫውን ይዞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። የማውጫው ዋና ዓላማ ተመራማሪዎች ተዛማጅ ጽሑፎችን ተከታትለው እንዲያገኙ መርዳት ነበር። መፈለጊያ ሆኖ የተወለደው መሣሪያ ውሎ አድሮ የሰው መመዘኛ ሆነ። በ2005 ደግሞ በካሊፎርኒያ የሚያስተምረው የፊዚክስ ሊቅ ሆርሄ ሂርሽ ኤች-ኢንዴክስ የተባለውን ቁጥር አቀረበ። አንድ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ካሉትና 21ኛው ላይ መድረስ ካልቻለ ቁጥሩ 20 ነው። ሂርሽ ራሱ አንድ ቁጥር የሰውን ሥራ ሙሉ ገጽታ ሊያሳይ እንደማይችል እዚያው ጽሑፉ ላይ አስጠንቅቋል። ቁጥሩን ሁሉም ወሰደው፤ ማስጠንቀቂያውን ያስታወሰ ግን ጥቂት ነው።

ቁጥር ምን ሊያመልጠው እንደሚችል የምድር ሳይንስ ታሪክ ደህና አድርጎ ይመሰክራል። ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬግነር አህጉራት እንደሚንሸራተቱ የተናገረው በ1912 ነው። ሙያው የአየር ጠባይ ጥናት ስለነበር ብዙ ጂኦሎጂስቶች ያለ ቦታው የገባ አድርገው ቆጠሩት። በ1930 ግሪንላንድ በረዶ ላይ ሞተ፤ ሐሳቡ በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው በ1960ዎቹ ነው። ካናዳዊው ሎውረንስ ሞርሊ በ1963 የውቅያኖስ ወለል መስፋፋትን ከድንጋዮቹ መግነጢሳዊ አሻራ ጋር አያይዞ ጻፈ፤ ሁለት ታላላቅ ጆርናሎች ጽሑፉን መለሱበት። በዚያው ዓመት ተመሳሳዩን ሐሳብ እንግሊዛውያኑ ፍሬድ ቫይንና ድራመንድ ማቲውስ አሳተሙ። ዛሬ ንድፈ ሐሳቡ በሦስቱም ስም ይጠራል። ያልታተመ ጽሑፍ ግን በጥቅስ ቆጠራ ዜሮ ነው።

የማሪ ታርፕም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአትላንቲክን ወለል ከጥልቀት ልኬቶች እየተነሣች ስትስል በመካከሉ የሚያልፈውን ስምጥ ሸለቆ አየች። ሴት በመሆኗ በምርምር መርከብ መውጣት አይፈቀድላትም ነበር፤ ልኬቱን የሚያመጣላት የሥራ ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን ነበር። እሱም ግኝቷን መጀመሪያ ላይ የሴት ወሬ ብሎ አጣጣለው። በኋላ እውነትነቱ ሲረጋገጥ ከወጡት ጽሑፎች በበርካቶቹ ላይ ስሟ አልነበረም።

ለቆጠራ የሚከራከሩ ሰዎች ግን የሚናቅ ነገር አይናገሩም። ቁጥር ከሌለ የሚተካው ትውውቅ፣ ዘመድና የአለቃ ፊት ሊሆን ይችላል። ደጋፊ የሌለው ወጣት ተመራማሪ «ሥራዬ ይኸው» ብሎ የሚያሳየው አንድ ማስረጃ ያስፈልገዋል። ይህ እውነት ነው፤ በኢትዮጵያም ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ቁጥሩም የራሱ ወገንተኝነት ያለው መሆኑ ነው። ዩጄኒያ ካልናይና ባልደረቦቿ በ1996 ያወጡት የ40 ዓመት የዓለም የአየር መረጃ ጽሑፍ በምድር ሳይንስ ብዙ ከተጠቀሱት አንዱ ነው። ይገባዋል፤ መረጃውን የሚጠቀመው ብዙ ነውና። አንድን የስምጥ ሸለቆ ክፍል ለ30 ዓመት የሚያጠና ሰው ግን አንባቢው ከጥቂት ደርዘን ላያልፍ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ዝርዝር ማሰለፍ ማርና ጤፍን በአንድ ቁና እንደ መስፈር ነው። ዕድሜም አለ፤ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ብዙ ይጠቀሳል። ማጭበርበርም አለ፤ በብዛት የተጠቀሱ ተመራማሪዎችን ዝርዝር የሚያወጣው ክላሪቬት በ2023 በጥርጣሬ ምክንያት ከ1,000 በላይ ስሞችን ከዝርዝሩ አስወጥቷል። መለኪያ ግብ ሲሆን ሰው ሥራውን ትቶ መለኪያውን ያሳድዳል።

ይህ ጉዳይ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የምሁራን ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአገሪቱን መሬት ሲያዳምጥ የኖረ ተቋም ነው። በዚያ የሠራው ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፒየር ጉዊን በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በአንድ መጽሐፍ ሰብስቦ አሳተመ። የዓመታት ልፋት ነው፤ በአካባቢው ስላለው አደጋ ለሚያጠኑ ሰዎች ዛሬም መነሻ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ ሺህ ጊዜ ቢጠቀስ እንኳ በኤች-ኢንዴክስ ላይ የሚጨምረው ከአንድ አይበልጥም።

በ2017 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። አዲስ አበባም ፎቅ ላይ የተኛው ሌሊት አልጋው ሲወዛወዝ እየነቃ ወደ ውጭ ሮጧል። የሕዝቡ ጥያቄ አንድ ነበር፦ ይብሳል ወይስ ይበርዳል? ያን ጊዜ ከዓለም ስንተኛ ነህ ተብሎ የተጠየቀ ባለሙያ አልነበረም። የተፈለገው የመለኪያ ጣቢያውን ንባብ የሚያውቅ፣ አካባቢውን በእግሩ የረገጠ፣ ያየውንም ሰው በሚገባው አማርኛና አፋርኛ የሚያስረዳ ነበር።

ይህ ሥራ በጥቅስ አይቆጠርም። በአፋር ሐሩር የተበላሸ ባትሪ መቀየር አይጠቀስም። ለወረዳ አመራር ስለ አደጋው ማስረዳት አይጠቀስም። አንዲት ወጣት ተመራማሪ የማዕረግ ዕድገቷ በጽሑፍና በጥቅስ ቁጥር ብቻ ከተወሰነ ምን ታድርግ? ጣቢያውን ትታ፣ የውጭ ሰዎች በሚመሩት ትልቅ ጽሑፍ ላይ ሠላሳኛ ስም ሆና ብትገባ ማን ይፈርድባታል? ሥርዓቱ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንድትጥል እየገፋፋት ነው። ጣቢያው ሲዘጋ የሚጎዳው ግን ከፈንታሌ ሥር የሚኖረው አርብቶ አደር ነው።

መፍትሔው ቁጥርን መጣል አይደለም። በ2013 ይፋ የሆነው የሳንፍራንሲስኮ መግለጫ ተመራማሪ በሚያሳትምበት ጆርናል ደረጃ እንዳይመዘን ጠይቋል። በ2015 የወጣው የላይደን ማኒፌስቶ ደግሞ ቁጥር የባለሙያን ፍርድ እንዲያግዝ እንጂ እንዳይተካ፣ ለአካባቢ የሚጠቅም ምርምርም ከለላ እንዲያገኝ አሳስቧል። ይህን ወደ አገር ቤት ማምጣት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለዓመታት ሳይቋረጥ የተሰበሰበ መረጃ፣ በሥራ ላይ የቆየ ጣቢያ፣ ለሕዝብ የደረሰ የአደጋ ካርታ በዕድገት መመዘኛው ላይ የራሳቸው ነጥብ ይኑራቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ዝርዝሩ ሲወጣ እንኳን ደስ አለዎት ይባል። ከዚያው ጋር የዩኒቨርሲቲ አመራሮች አንድ ጥያቄ ይጠየቁ፦ በፈንታሌ ዙሪያ ያሉትን መሣሪያዎች ዛሬ የሚጠብቃቸው ማን ነው? እሱስ ዕድገቱን አግኝቷል?