‹ኤ› ሄዳ ‹ቪ› ቀረች

ከላፕቶፔ ኪቦርድ ላይ መጀመሪያ የለቀቀችው ‹ኤ› ናት። ቀጥሎ ‹ኢ› የታችኛው መስመሯ ተፋቀና ለተወሰነ ጊዜ ‹ኤፍ› መስላ ኖረች። እውነተኛዋ ‹ኤፍ› እዚያው ከሥሯ ስላለች እንግዳ ሰው ሁለት ‹ኤፍ› እያየ ግራ ይጋባ ነበር። ከዚያ ‹ኤን›፣ ‹ኤም›፣ ‹ኤል›፣ ‹ደብሊው› ተራቸውን ጠብቀው ሄዱ። ‹ቪ› ግን እስከ ዛሬ ከፋብሪካ እንደወጣች ነጭ ሆና ተቀምጣለች። ምን ትሁን፣ ሥራ የላት!

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጥፍሬን ነበር፤ ከዚያ ደግሞ የቤት ሰው ኪቦርዱን የሚወለውልበትን አልኮል። ሁለቱም ከደሙ ንጹሕ ናቸው ባልልም፣ ዋናው ነገር የታየኝ የአንድ ባልደረባዬን ላፕቶፕ ሳይ ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ የፕሮጀክት ሪፖርት ሲጽፍ የሚውል ነው። የእሱም ፊደላት ተፍቀዋል፤ የተፋቁት ግን ሌሎች ናቸው። ‹ቲ› የለችም፣ ‹ኦ› የለችም፤ ‹ኪው› እና ‹ኤክስ› ዛሬ የታተሙ ይመስላሉ። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ እጅግ የምትደጋገመው ‹ኢ› ናት፣ ‹ቲ› እና ‹ኤ› ይከተሏታል፣ ‹ኪው› ደግሞ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ናት። በእኔ ዘንድ ግን ‹ኪው› ከተጎዱት ውስጥ ነች። ‹ቀ›ን የምጽፈው በእሷ ነዋ! ቀን፣ ቃል፣ ቁርስ፣ ሳቅ፣ ጠበቃ፣ ጥቅምት ሁሉ በእሷ ጫንቃ ነው የሚያልፈው። ‹ኤክስ›ም እዚያ ጡረታ ወጥታ እዚህ ‹ሸ›ን ከነዘመዶቹ ታስተዳድራለች። ‹ሺፍት›ማ አይነሳ! ‹ጠ›፣ ‹ጨ›፣ ‹ኘ› ያለ እሱ አይገኙም፤ ‹ኢትዮጵያ› ብዬ ለመጻፍ እንኳ ለ‹ጵ› ስል አንድ ጊዜ ልጫነው ግድ ነው።

የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የሚሠሩት እንዲህ ነው፦ ‹ኤል›ን ብቻ ብትነኩ ‹ል› ትወጣለች፤ ‹ኢ› ብትጨምሩባት ‹ለ›፣ ‹ኤ› ብትጨምሩባት ‹ላ› ትሆናለች። ሳድሱ በአንድ ምት፣ ግዕዙና ራብዑ በሁለት ምት መሆኑ ነው። እንግዲህ አማርኛ ያለ ራብዕ አንድ ዓረፍተ ነገር የማይዘልቅ ቋንቋ ስለሆነ ‹ኤ› ቀድማ ማለቋ አያስገርምም። ‹ኤን›ን የጨረሳት ተሳቢ ባየ ቁጥር የሚለጠፈው ‹ን› ነው። አልመጣም፣ አልበላም፣ አላውቅም ሲል የሚውል ሕዝብ ደግሞ ለ‹ኤም› ምን ያተርፍላታል?

ይህ አደላደል ከሰማይ የወረደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ፊደላችን ገና ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ ሳይገባ፣ በየአገሩ የተበተኑ ኢትዮጵያውያን አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፉ በኢሜይል ይላላኩ ነበር። አንዱ ‹ሰ›ን ሌላው በማያውቀው መንገድ ሲጽፍ ንባቡ እንቆቅልሽ ስለሆነ ‹ሴራ› በሚል አሕጽሮት የታወቀ አንድ ሥርዓት ተዘጋጀ። ግዕዝ በ‹ኢ›፣ ካዕብ በ‹ዩ›፣ ሣልስ በ‹አይ›፣ ራብዕ በ‹ኤ›፣ ሳብዕ በ‹ኦ›፤ ሳድስ ያለ ምንም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ፤ አጻጻፉ ግን እንዳለ ወደ ጣታችን ተላለፈ። ስለዚህ የእኔ ‹ኢ› እግሯ የተቆረጠው፣ ለግዕዝ ድምፅ እሷ ትሁን በተባለ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በፊት የነበረው የታይፕ መኪና ነው። ለአማርኛ መኪና በመሥራት ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። በላቲን ልክ በተሠራ መኪና ላይ ከ200 በላይ ፊደል ማሳፈር የሚቻለው ፊደሉን ቆራርጦ ነበር፤ መጀመሪያ ዋናው አካል ይመታል፣ ከዚያ እግሩ ወይም ቀለበቱ ለብቻው ይለጠፍበታል። ወረቀት ላይ የሚወጣው ጽሑፍ እግሩ ከጉልበቱ ትንሽ የራቀ ዓይነት ነበር። አክስቴ ዕድሜያቸውን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በዚያ መኪና ላይ የጨረሱ ታይፒስት ናቸው፤ ወደ እሳቸው እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ላፕቶፔ አምራች ኩባንያ ልሂድ። ላፕቶፑን የላከልኝ ሜሪላንድ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ነው፤ ዋስትናው ገና አላለቀም። ወደ አምራቹ የደንበኞች አገልግሎት ገጽ ገብቼ አገር እንድመርጥ ስጠየቅ ዝርዝሩ ከኢስቶኒያ ወደ ኢስዋቲኒ፣ ከኢስዋቲኒ ወደ ፊጂ ዘለለ። ወደ ላይ ወደ ታች አገሬን ፈለግሁ። አልነበርንም። በአክስቴ ልጅ አድራሻ የሜሪላንድ ነዋሪ ሆኜ ገባሁ።

በጽሑፍ ያነጋገረኝ ሠራተኛ እጅግ ጨዋ ነበር። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ስለ ትዕግሥቴ አመሰገነኝ፤ ትዕግሥት የሚያስፈልገው በኋላ መሆኑን ያወቀ ይመስለኛል። ችግሬን ነገርኩት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ እንዳበራው ጠየቀኝ። አጥፍቼ አበራሁ።

‹‹ፊደሎቹ ተመለሱ?››

‹‹አልተመለሱም።››

‹‹ቁልፎቹ ሲጫኗቸው ይሠራሉ?››

‹‹በሚገባ ይሠራሉ።››

‹‹ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?››

ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ጥቂት ቆይቶ የዋስትናውን አንቀጽ ለጠፈልኝ። ዋስትናው የሚሸፍነው የዕቃና የአሠራር ጉድለትን ነው፤ በመደበኛ አገልግሎት የሚመጣ ማርጀትንና የመልክ ጉዳትን አይሸፍንም። ደጋግሜ አነበብሁት። ዕቃውን በግዴለሽነት ብጎዳው፣ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ አይሸፈንም። በአግባቡ ብጠቀምበት፣ ማርጀቱ መደበኛ ስለሆነ አይሸፈንም። ከካርቶኑ ሳይወጣ የኖረ ላፕቶፕ ያለው ሰው ግን ጥሩ ዋስትና አለው።

ኩባንያ ጨርሶ አይረዳም እንዳልል ደግሞ ታሪክ አለ። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ባወጣቸው ማክቡኮች ላይ ‹ቢራቢሮ› የተባለ እጅግ ስስ የቁልፍ አሠራር አስገብቶ ነበር። ቁልፎቹ ይጣበቃሉ፣ አንዴ ሲነኩ ሁለት ፊደል ይተፋሉ፣ ወይም ጭራሽ ዝም ይላሉ የሚል አቤቱታ በዛበትና በ2018 ከተገዙ አራት ዓመት ያልሞላቸውን በነፃ እጠግናለሁ አለ፤ በ2022 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የቀረበበትን ክስ በ50 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማማ። ልዩነቱ ግልጽ ነው። የእነዚያ ኪቦርዶች መከራከሪያ አለመሥራታቸው ነበር፤ የእኔ ኪቦርድ ኃጢአት መሥራቱ ነው።

ጨዋው ሠራተኛ ግን ባዶ እጄን አልሰደደኝም። በክፍያ ሊቀየርልኝ እንደሚችል ነገረኝ። የሚቀየረው ግን ‹ኤ› ብቻ አይደለችም፤ ኪቦርዱም ብቻ አይደለም። በብዙ ስስ ላፕቶፖች ላይ ኪቦርዱ ከላይኛው ሽፋን ጋር በጥቃቅን የፕላስቲክ ችንካሮች ተቸንክሮ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዶቹ ላይ ባትሪውም እዚያው ሽፋን ላይ ተጣብቋል። አንዲት ፊደል ለማስመለስ ግማሽ ላፕቶፕ መግዛት ማለት ነው። ዋጋውን ሲነግረኝ ለ‹ኤ› ያለኝ ፍቅር ቀዘቀዘ።

ለመሆኑ ፊደል ከቁልፍ ላይ መልቀቅ የጀመረው መቼ ነው? አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ሾልስ ሚልዋኪ ውስጥ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1868 የታይፕ መኪና የፈጠራ መብት ሲያገኝ መኪናው የፒያኖ ዓይነት ቁልፎች ነበሩት። በ1874 ጠመንጃ ሠሪው ሬሚንግተን ለገበያ አወጣው። ቀጥለው የመጡት መኪኖች ቁልፍ ብዙ ጊዜ ክብ ነበር፤ ፊደሉ ወረቀት ላይ ይታተምና ከላዩ መስታወት ተደርጎ ዙሪያው በብረት ቀለበት ይታሰራል። ጣት የሚያገኘው መስታወቱን ነው፤ ፊደሉን አይነካውም። የዚያ ዘመን መኪና ዛሬም ሙዚየም ውስጥ ፊደሉ እንዳለ ይነበባል።

ፕላስቲክ ሲመጣ ሁለት ቀለም ፕላስቲክ በአንድ ቁልፍ ውስጥ መቅረጽ ተለመደ። ፊደሉ ራሱን የቻለ ፕላስቲክ ሆኖ ከላይ እስከ ውስጥ ይዘልቃል፤ ቢፍቁትም ያው ፊደል ነው የሚወጣው። ሌላው መንገድ ቀለሙን በሙቀት ወደ ፕላስቲኩ ማስረግ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ‹ሞዴል ኤም› የተባለ ኪቦርድ እንዲህ የተሠራ ነው፤ ሙቀት የሚችል ፒቢቲ የተባለ ፕላስቲክ ይጠይቃል። ያ ኪቦርድ ዛሬም በብዙ ጠረጴዛዎች ላይ ሙሉ ፊደሉን ይዞ እየተንኳኳ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ርካሹ ዘዴ ሜዳውን የሞላው። ርካሽ በሆነው ኤቢኤስ ፕላስቲክ ላይ ፊደሉን ላይ ላዩን ማተም። የእነ አይቢኤም ንቅሳት ነበር፤ የእኔ ኩል ነው። የጣት ወዝ፣ ላብ፣ ጥፍር፣ የእጅ ቅባት፣ አልኮል ሁሉም ተባብረው ያጥቡታል። ከሥሩ መብራት ያላቸው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ብርሃን የሚያሳልፍ ቁልፍ ጥቁር ቀለም ይቀባና ቀለሙ በሌዘር በፊደሉ ቅርጽ ይነሳል። እዚያ ላይ የሚለቀው ፊደሉ ሳይሆን በፊደሉ ዙሪያ ያለው ጥቁር ነው፤ ስለዚህ ፊደሉ እየሰፋ፣ እያበጠ ይሄዳል። የታናሽ ወንድሜ ላፕቶፕ እንዲህ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ የእሱ ‹ኤ› ክፍሉን ልታበራ ትደርሳለች።

የእጅ ሥራ አዋቂ ፍለጋ መገናኛ ወረድሁ። ጠጋኙ ወጣት ነው፤ ላፕቶፑን ከፍቶ ለአፍታ አየውና፣

‹‹አማርኛ ነው አይደል የሚጽፉበት ጋሼ?›› አለኝ።

‹‹በምን አወቅህ?››

‹‹‹ኪው› አልቃለቻ!››

ኩባንያው ከነሠራተኛው ያላደረገልኝን ምርመራ በአንድ እይታ ጨረሰ። ኪቦርድ ነበረው፤ ከሌላ አሮጌ ላፕቶፕ የተፈታ፣ ችንካሩን ነቅሎ በሙጫ የሚያስረው። ችግሩ ዐረብኛ ያለበት መሆኑ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቀው ‹‹ከዱባይ ነዋ የሚመጣው›› አለ፣ ፀሐይ ከወዴት ትወጣለች ብዬ የጠየቅሁት ይመስል። የላቲኑን ከላይ፣ የዐረቡን ከጎን አድርገው ያተሙት ነው። ነገሩን ሳስበው አልከፋኝም፤ ላቲኑም ቢሆን እኔ የምጽፈው ፊደል አይደለም። አንዱ ባዕድ ላይ ሌላ ባዕድ ቢጨመር የሚለወጥ ነገር የለም። ‹‹ካልሆነ ስቲከር ልለጥፍልዎት›› አለኝ። ስቲከሩን የለጠፉ ሰዎችን አይቻለሁ፤ ጠርዙ ይነሳና አቧራ ይሰበስባል፣ ጣት ላይም ተጣብቆ ይመጣል። ላስብበት ብዬው ወጣሁ።

አክስቴ ጉዳዩን ሲሰሙ ሳቁብኝ። ‹‹ማየት ለምን አስፈለገህ? እኛ ታይፕ ስንማር ወደ ቁልፍ ያየ ሰው ይገሠጽ ነበር›› አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1888 ሲንሲናቲ ውስጥ ፍራንክ መጉሪን የተባለ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ቁልፍ ሳያይ በመጻፍ ሉዊስ ትሮብን በውድድር ከረታ ወዲህ ለባለሙያ የቁልፍ ላይ ፊደል ጌጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ‹ዳስ ኪቦርድ› የተባለ፣ ቁልፎቹ ላይ አንድም ፊደል ያልታተመበት ኪቦርድ ለገበያ ቀርቧል፤ ሰዎችም ገዝተውታል። የእኔ በነፃ ነው እንደዚያ የሆነው።

ለአክስቴ ያልነገርኳቸው ነገር ግን አለ። አማርኛ ስጽፍ ቁልፉን አላይም፤ ጣቴ ‹ቀ› የት እንዳለች ያውቃል። የይለፍ ቃል ስጽፍ ግን ነገሩ ይለያል። በእንግሊዝኛ ነው፣ በአንድ ጣት ነው፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየኝ ተራ ነጥብ ነው። ጣቴ ‹ቀ›ን እንጂ ‹ኪው›ን አያውቃትም። ባንኩ ሦስት ጊዜ ከተሳሳትሁ ይዘጋብኛል፤ ለእሱ ነው የፊደሉ ሥዕል የሚያስፈልገኝ። አሁን ከላፕቶፑ አጠገብ የሙሉ ኪቦርድ ፎቶ አትሜ ለጥፌያለሁ፤ የይለፍ ቃል በተጠየቅሁ ቁጥር አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ ባዶውን ቁልፍ እያየሁ አሰላለሁ።

ከኩባንያው በመጨረሻ አንድ ኢሜይል ደረሰኝ። በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል፣ ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር ይመልሱልን ይላል። ያለ ምንም ችግር መለስሁላቸው፤ የቁጥር ቁልፎቼ አንዳቸውም አልተፋቁም፣ ‹1› ደግሞ ከሁሉም የጠራች ናት።