አምስት ራስ ያለው ብረት

ሰው ፈርቶ የሠራቸውን ነገሮች ማየት እወዳለሁ። ግንብ፣ ካዝና፣ በአጥር አናት ላይ የተሰካ የጠርሙስ ስባሪ። የምሠራበት ባንክ ካዝና በሁለት ሰዎች እጅ ያሉ ሁለት ቁልፎች ካልተገናኙ አይከፈትም፤ አንዱ ቁልፍ ያዥ ያረፈደ ዕለት የደንበኛው ወረፋ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ከፍርሃት ሥራዎች ሁሉ ግን በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል እንደተሠሩት ባለብዙ ራስ ታንኮች ልቤን የያዘው የለም። ከሚሴ ተቀምጦ ቀን ብር የሚቆጥር፣ ማታ ስንኝ የሚቋጥር ሰው ስለ ታንክ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ጥቂት ታገሡኝ።

ታንከኞች ቱሬት የሚሉትን፣ መድፍ ወይም መትረየስ ተሸክሞ በታንኩ ትከሻ ላይ የሚሽከረከረውን ክፍል እኔ ራስ እለዋለሁ። ዛሬ የምናውቀው ታንክ አንድ ራስ አለው። በ1926 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ቪከርስ ኩባንያ የሠራው ግን አምስት ነበሩት፦ ከመካከል 47 ሚሊ ሜትር መድፍ የያዘው ትልቁ ራስ፣ ዙሪያውን ደግሞ ጫጩቶች እናታቸውን እንደሚከቡ የከበቡት አራት ባለመትረየስ ትንንሽ ራሶች። ስምንት ሰው ይጭናል። አዛዡ ከመካከል ተቀምጦ በማነጋገሪያ መሣሪያ ለየራሶቹ ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ ዒላማው ያለበትን አቅጣጫ የሚያመለክት ጠቋሚም ነበረው። ስሙን ኢንዲፔንደንት አሉት። በእኛ ቋንቋ «ራሱን የቻለ» ማለት ነው። አምስት ራስ ለተሸከመ ፍጡር ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል! ቀልዱ የአማርኛ ብቻ ነው፤ ሠሪዎቹ አልሰሙትም። ራሱን ግን አልቻለም። ወጪው ከበደና አንድ ብቻ ተሠርቶ ቀረ። ያው አንዱ ዛሬም ቦቪንግተን በሚገኘው የታንክ ሙዚየም ቆሞ ይታያል።

ሌሎችም ነበሩ። ፈረንሣዮች 69 ቶን የሚመዝን፣ ሁለት ራስና አሥራ ሁለት ሠራተኛ ያለው ሻር 2ሴ የተባለ ግዙፍ ታንክ ሠሩ፤ አሥር ብቻ። በሰኔ 1940 እ.ኤ.አ. በባቡር ተጭነው ሲሸሹ መንገድ ተዘጋባቸውና አብዛኞቹን የራሳቸው ሰዎች አፈነዷቸው። ጀርመኖች ባለሦስት ራስ አምስት ሠርተው ሦስቱን ወደ ኖርዌይ ላኩ፤ ከውጊያው ይልቅ ለፎቶግራፉ የጠቀሙ ይመስለኛል። ነገሩን እስከ ጥግ የወሰዱት ሶቪየቶች ናቸው። ቲ-35 የተባለውን ባለአምስት ራስ ታንክ ከ1933 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. በካርኮቭ ፋብሪካ 61 ያህል ሠርተው በቀይ አደባባይ ሰልፍ ላይ አሳዩት። ሰልፉ ላይ ያማረ ነበር። በ1941 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲመጣ ግን አብዛኞቹ በጠላት ጥይት ሳይሆን በሞተርና በማርሽ ብልሽት በየመንገዱ ዳር ተጥለው ቀሩ።

ስታሊን የሚቀጥለው ታንክ የእንጨት ሞዴል ቀርቦለት ሳለ ከሦስቱ ራሶች አንዱን በእጁ ነቅሎ «ታንኩን ለምን የዕቃ መደብር ታደርጉታላችሁ?» አለ ይባላል። እውነት ይሁን ተረት፣ ንግግሩ ጥሩ ነው። ያ ታንክ በሁለት ራስ ተሠራ፤ ጎን ለጎን ደግሞ ኬቪ የተባለው ባለአንድ ራስ ታንክ ተወለደ፤ ለሠራዊቱ የቀረውም እሱ ነው።

የእኛን አገር ታሪክ ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ግን የእነዚህ ተቃራኒ ነው። ያው ቪከርስ ካርደን-ሎይድ የተባለች ትንሽ ባለሁለት ሰው ታንክ ነበረችው። ጣሊያን እሷን አይታ የራሷን ሠራች፤ ከ3 ቶን ብዙም የማትበልጥ፣ ቁመቷ የአንድ ሰው ትከሻ የማይደርስ፣ መትረየሷ ወደ ፊት ብቻ የሚያይ። ራስ የላትም። ወደ ጎን ለመተኮስ ሁለመናዋን ማዞር አለባት። አንድ ቤት አምስት ራስ ያለውንም ራስ የሌላትንም መውለዱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ሽሬ ውስጥ፣ ደምበጉና በተባለው መተላለፊያ ላይ፣ እነዚህ ታንኮች ከራስ እምሩ ጦር ጋር ተገናኙ። ራስ የሌለው ብረት ከባለራሱ ጦር ጋር ማለት ነው፤ ይህንንም ቀልድ አማርኛ ብቻ ይረዳዋል። መንገዱ ጠባብ፣ ዙሪያው ድንጋይ ነበር። ሰዎቻችን ከፊት አልገጠሟቸውም፤ መትረየሱ ወደማያይበት ወደ ጀርባቸው ዞሩ። ከታንኮቹ አንዱ ላይ ባላምባራስ ተሸመ የተባሉ ጀግና ዘለው ወጥተው ብረቱን እየደበደቡ «ክፈት!» ሲሉ፣ ውስጥ ያለው ግራ ተጋብቶ ከፈተና በጎራዴ ተመታ ይባላል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ጎራዴውን አይደለም፤ እጁን ነው። ሰው የብረት ቤት በር ያንኳኳል፤ ከውስጥ ያለውም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ይከፍታል።

አውሮፓ ውስጥ አምስት ራስ ያስቀጠለው ፍርሃት ይኸው የጀርባ ፍርሃት ነበር፤ ምሽጉን ተሻግሬ ስገባ ከኋላ፣ ከግራና ከቀኝ ማን ያይልኛል የሚል። ፍርሃቱ ውሸት አልነበረም፤ ደምበጉና ምስክር ነው። መልሱ ነበር ያልሠራው። ራስ በጨመረ ቁጥር ክብደት ይጨምራል፤ ክብደቱን ለመሸከም ብረቱ ይሳሳል፤ አዛዡም የአምስት ሰው ዓይን እያሰማራ የራሱን ዓይን ያጣል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው አባባላችን ባላዎቹ ራሳቸው ቤቱን ሲጫኑት ምን እንደሚደረግ አይነግረንም።

የከሚሴ ሰው ሆኜ ይህን ሳስብ ከመንገዱ አላመልጥም። ከደሴ አዲስ አበባ የሚወስደው ይህ መንገድ ብረት ለምዷል። ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. የባዶሊዮ ጦር ከ1,700 በሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ከደሴ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሲገሰግስ ትንንሾቹ ታንኮች አብረው ነበሩ። ጣርማ በር ላይ የተናደ መንገድ ሁለት ቀን ያህል አቆማቸው፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። አያቴ በቦርከና ዳር ልጅ ሳለች የሰማችውን ስትነግረን «እንደ ጅብ ነው፤ አንገቱ አይዞርም ይሉ ነበር» ትል ነበር። ከዚያ ወዲያ የታንክ መጽሐፍ ብዙ አገላብጫለሁ፤ ከዚህ አጭርና ትክክለኛ መግለጫ አላገኘሁም።

በ2013 ዓ.ም. የጎረቤታችን የአጣዬ ቤቶች ነደዱ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ በዚሁ መንገድ ወረደ፤ ከሚሴም ከእጅ ወደ እጅ ገባች፤ ወጣች። ከዚያ በኋላ በመንገዱ ዳር ያለን ሰዎች ሁላችን ራስ ጨመርን። ሻይ ቤት ስንገባ ጀርባችንን ለግድግዳ እንሰጣለን። አውቶቡስ ውስጥ የጎረቤታችንን ስም እንሰማና ከየት ወገን እንደሆነ በሆዳችን እንመዝናለን። እኔም ከባንኩ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሚመጣውን ሰው አካሄድ ሳጠና ራሴን አገኘዋለሁ፤ በዚያ ሰዓት የያዝኩት ስንኝ ይበተናል፤ ሲመሽም አይመለስም።

ባለፈው እሑድ ሰንበቴ ገበያ ወርጄ ነበር። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩ የሚገናኝበት ገበያ ነው። ሰው ብዙ፣ ቦታው ጥቂት ስለሆነ ሻጮቹ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ይቀመጣሉ። አንዲት ጋቢ ሻጭ የሶላት ሰዓት ሲደርስ ተነሣች። ከጀርባዋ በርበሬ የምትሸጠው ሴት አንገቷ ላይ መስቀል አስራለች። ጋቢ ሻጯ ዞር ሳትል፣ እጇን ብቻ ወደ ኋላ ልካ ትከሻዋን ነካ አደረገቻትና «እይልኝ» አለቻት። በርበሬ ሻጯም ስፍር ላይ ስለነበረች ቀና ሳትል «ሂጂ» አለች።