አዲሱ አምፖል በጣርማበር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና የተመላለሰ ሰው ሁሉ ጣርማበርን ያውቀዋል። ቦታው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደጋ ስለሆነ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። በምሥራቅ በኩል መሬቱ እንደ ተገመሰ ዳቦ በድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከታች የሚነሣውም እርጥብ አየር ገደሉን ተከትሎ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ሆኖ መንገዱን ይሸፍነዋል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን በስተው ያወጡት ዋሻ ከዚሁ ጉም መካከል አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ይሁንና በማታ ያለ መብራት ለሚያልፍበት ሰው ከዚያ እጅግ የረዘመ መሆኑን እኔ ምስክር ነኝ።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ ወር 2011 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ተመድቤ እሠራ ነበር። ለመስክ ሥራ የምገለገልባት፣ በሞዴል 22 ፈርሜ የተረከብኋት አንዲት 125 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ነበረችኝ። ሞተርዋ ጤነኛ፣ ፍሬንዋም ደኅና ነበር፤ የፊት መብራትዋ ግን ከኩራዝ አይሻልም ነበር። ከገጠር አምሽቼ ስመለስ ጉድጓዱን የማየው ጎማው ከገባበት በኋላ ነው። ስለዚህ ለስብሰባ አዲስ አበባ በወጣሁ ጊዜ ይህን ችግር በገዛ ገንዘቤ ለመገላገል ቆረጥሁ። የመሥሪያ ቤትን ንብረት ያለ ፈቃድ መለወጥ ደንብ አለመሆኑን አውቅ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ተሻለ ነገር መለወጥን ማን ይከለክለኛል ብዬ ራሴን አሳመንሁ።

መርካቶ ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። ባለ ሱቁ ወጣት አሮጌውን አምፖል አውጥቶ በጣቱ እያገላበጠ፣ «ወንድሜ፣ ይቺ እኮ 35 ዋት ናት፤ ሻማ በላት። 60 በ55 የሆነውን ልስጥህ፤ ሌሊቱን ቀን ታደርገዋለህ» አለኝ። አዲሱ አምፖል ባለ ሦስት እግር፣ ለመኪና የሚሆን ሃሎጅን ነው። እግሮቹ ከሶኬቱ ጋር ገጠሙ፤ በዙሪያው ያሉት ትንንሽ የብረት ጆሮዎች ግን ከመብራቱ መቀመጫ ጋር አልገጥም አሉ። ልጁ አልተጨነቀም። ሞረድ አንሥቶ ጆሮዎቹን ጥቂት ሞረድ ሞረድ ካደረገ በኋላ ገፋ ቢያደርገው ጠቅ ብሎ ገባ። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። በጥላው ግድግዳ ላይ አብርቶ ሲያሳየኝ ግድግዳው በረዶ መሰለ። እኔም እንደ ሕፃን ልጅ ተደሰትሁ።

ከአዲስ አበባ መነሣት ያለብኝ በጧት ነበር። ዳሩ ግን አንድ ፊርማ የቀረው ደብዳቤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆየኝ፤ በማግሥቱ ደግሞ ሥራ ላይ መገኘት ነበረብኝ። ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱንና ሸኖን በዝናብ ካፊያ ውስጥ አለፍኋቸው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው የገብስና የስንዴ ማሳ በነሐሴ እንዴት እንደሚያምር መናገር አያስፈልገኝም፤ ያላየ ሰው በክረምት ይውጣና ይመልከተው። 130 ኪሎ ሜትሩን ጨርሼ ደብረ ብርሃን የገባሁት ሊመሽ ሲል ነው።

እዚያ ሻይ እየጠጣሁ ስለ ከተማዪቱ ስም አሰብሁ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ስለታየ ስሟ ደብረ ብርሃን እንደ ተባለ ይነገራል። ያ ብርሃን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1456 የታየው የሀሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉም አሉ። የሻይ ቤቱ ባለቤት፣ «በዚህ ጉም ጣርማበርን በማታ አትለፍ፤ አልጋ አለ፣ እደር» ብለው መከሩኝ። እኔ ግን የራሴን ጅራታም ኮከብ መሪው ላይ ሰክቼ መምጣቴ ነውና ምክሩን አልሰማሁም።

ከከተማው ወጥቼ ጨለማው ሲወድቅ አምፖሉ በእውነት ግሩም ነበር። የመንገዱ ዳር ጠጠር፣ የሩቁ ባሕር ዛፍ፣ የአጥሩ ካብ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። ወዲያው ከፊት ለፊት የሚመጡት መኪናዎች መብራታቸውን ጠፋ በራ ያደርጉልኝ ጀመር። በመጀመሪያ ሰላምታ መስሎኝ እኔም መለስሁላቸው። የሦስተኛው መኪና ሾፌር ግን በመስኮቱ ብቅ ብሎ የማይጻፍ ነገር ተናገረኝ። ረጅሙን መብራት ወደ አጭር ለውጬው ነበር፤ ለካ አጭሩም እንደ ረጅሙ ዐይን ይወጋል። ቢሆንም «ይልመዱት» ብዬ አለፍሁ።

ትንሽ እልፍ እንዳልሁ አንድ ሽማግሌ ሁለት አህያ እየነዱ ከፊቴ መጡ። ብርሃኑ ሲያርፍባቸው ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ቆሙ። ፊተኛይቱ አህያ ግን ደንግጣ ከዳሩ ወደ መንገዱ መካከል ዘለለች። ፍሬን ያዝሁ፤ የኋላው ጎማ በእርጥቡ አስፋልት ላይ ተንሸራተተ። የቆምሁት ከአህያይቱ አንድ ክንድ ያህል ርቄ ነው። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ፣ «ይቅርታ አባባ፣ ተጎዱ?» አልኋቸው። ሽማግሌው ዐይናቸውን እያሹ፣ «አልተጎዳሁም፤ ግን አሁንም አላይህም። አንተ ልጅ፣ ይኼን ነገር ወደ መሬት አድርገው እንጂ። ላንተ ቢነጋልህ እኛን አጨለምኸን እኮ» አሉኝ። መብራቱን በእጄ ወደ ታች ብጫነውም ብሎኑ ጠብቆ ነበርና ንቅንቅ አላለም።

ጣርማበር ስቃረብ ጉሙ ተቀበለኝ። እዚህ ላይ አዲሱ አምፖል የሚረዳኝ መስሎኝ ነበር፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ሆነ። ጉም ማለት በአየር የተንሳፈፈ እልፍ አእላፍ የውሃ ነጠብጣብ ነው። እያንዳንዱ ነጠብጣብ የደረሰበትን ብርሃን ወደየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ ከዚያም ከፊሉ ወደ ላኪው ዐይን ይመለሳል። ብርሃኑ በበረታና ወደ ላይ በተረጨ ቁጥር ከፊት የሚቆመው ነጭ ግድግዳ ይወፍራል። በጉም ጊዜ የሚረዳው ዝቅ ብሎ መሬት መሬቱን የሚሄድ ብርሃን ነው፤ የኔው አጭር መብራት ደግሞ ዝቅ ማለትን ረስቷል። ስለዚህ በአንደኛ ማርሽ፣ ነጩን የአስፋልት መሥመር በጫማዬ አጠገብ እየፈለግሁ፣ በእግረኛ ፍጥነት አዘገምሁ። በዚሁ መካከል ብርሃኑ ቀስ በቀስ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ቀይ ሲለወጥ አየሁ። የተቃጠለ ፕላስቲክም ሸተተኝ። ሽታውን ከፊቴ ላለፈ የጭነት መኪና ሰጥቼ ወደ ዋሻው ገባሁ።

ከዋሻው እኩሌታ ላይ ስደርስ መብራቱ ድርግም አለ። ሞተሩ ግን አልጠፋም፤ የእሳቱ ኃይል ከባትሪው ሳይሆን ከራሱ ጥቅል ስለሚመጣ እንደ ወትሮው ይሠራ ነበር። የፊቱ፣ የኋላው፣ ፍሬቻውና ጡሩምባው ግን በአንድ ጊዜ ሞቱ። በዚያን ዕለት ዋሻው ውስጥ አንድም መብራት አልነበረም። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ራስ ቁሬን ሲመታው ይሰማኛል፤ የገዛ እጄን ግን አላየውም። ሞተሩን አጥፍቼ ወርጄ፣ ግድግዳውን በትከሻዬ እየዳሰስሁ መግፋት ጀመርሁ። ከዚያም ከበስተኋላ የከባድ መኪና ድምፅ ዋሻውን ሞልቶ መጣ።

አንባቢ ሆይ፣ በጨለማ ሰውን የሚያስፈራው ከፊቱ ያለው ነገር ይመስለዋል። እኔ በዚያች ደቂቃ የፈራሁት የኋላዬን ነው። የእጅ ስልኬን መብራት አብርቼ፣ መሄጃዬን ትቼ ወደ ኋላ አዞርሁትና ከራሴ በላይ አወዛወዝሁት። የፍሬኑ ንፋስ ሲፉጭ፣ ጎማውም ሲጮኽ ሰማሁ። መኪናው ከጀርባዬ ጥቂት እርምጃ ቀርቶት ቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወረደና፣ «ወንድሜ፣ ምን ነካህ? ልትሞት ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ። ሾፌሩ ግን ነገሩን ሲረዳ አልተቆጣም። «ሞተርህን አስነሣና ከፊቴ ሂድ፤ እኔ ከኋላ አበራልሃለሁ» አለኝ። ከዋሻው ወጥተን እስከ ደብረ ሲና ያለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ የራሴ ጥላ እንደ ግዙፍ ሰው ከፊቴ እየሄደ፣ በሰው ብርሃን ወረድሁት። ለሾፌሩ የምሰጠው ነገር ስላልነበረኝ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛሁለት፤ ቆሎ ደግሞ በደብረ ሲና ሞልቷል።

በማግሥቱ ጧት ከመንገድ ዳር ባለች የቆርቆሮ ጋራዥ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ አገኘሁ። «ጋሼ፣ ፊውዙ ተቃጥሎ ነው መሰለኝ» አልኋቸው። እሳቸውም ካቻቢቴ አንሥተው የመብራቱን መስተዋት ሲፈቱት፣ «ፊውዙማ ያዳነህ ነው» አሉኝ። ሶኬቱ ቀልጦ ሁለቱ ገመዶች ተጣብቀዋል። ብርማ የነበረው የጎድጓዳው መስተዋት ፊት ከአምፖሉ በላይ ተንኮፍክፎ ቡናማ ሆኗል።

የነገሩኝ ነገር በቀላል ሒሳብ የሚገባ ነው። 35 ዋትን ለ12 ቮልት ቢያካፍሉት 3 አምፔር የማይሞላ ከረንት ይሆናል። 60ን ለ12 ቢያካፍሉት ግን 5 አምፔር ነው። ከረንቱ ሁለት እጥፍ እንኳ አልሆነም፤ ነገር ግን በገመድና በመጋጠሚያ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በከረንቱ ብዜት በራሱ ስለሚያድግ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ለ35 ዋት የተሠራው ቀጭን ገመድና የፕላስቲክ ሶኬት ይህን አይችሉም። በተጨማሪም የትንሽ ሞተር ብስክሌት ዲናሞ ኃይል የሚሰጠው በደንብ ሲዞር ነው። በጉሙ ውስጥ ሳዘግም አምፖሉ የሚጠጣውን ባለማድረሱ ጉድለቱን የሚሞላው ባትሪው ነበር፤ እሱም ሲዳከም ብርሃኑ ቀላ። እነዚያ የተሞረዱት ጆሮዎችም ለጌጥ የተሠሩ አልነበሩም። ፋብሪካው ሁለቱን ዓይነት አምፖሎች እንዳይለዋወጡ አስቦ ያበጃቸው ናቸው። በመስተዋቱ ውስጥ የአምፖሉ ክር ከቦታው በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ፣ ወደ መሬት መሄድ የሚገባው ብርሃን ወደ ሰው ዐይን ይወጣል። አህያይቱን ያስደነገጣት ይኸው ነው።

ዛሬ ዛሬ ጓደኞቼ ኤል ኢ ዲ የሚባለውን አምፖል እየገዙ፣ «ይኼ ከረንት አይጠጣም፣ ስለዚህ ችግር የለውም» ይሉኛል። በከረንቱስ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ለቀጭን የሽቦ ክር በተሠራ መስተዋት ውስጥ ሲገባ ብርሃኑ የሚወጣበት ቦታና ቅርፅ ስለሚለይ ይበታተናል። መብራታቸው ከባትሪው ሳይሆን በቀጥታ ከዲናሞው በሚመጣ ተለዋዋጭ ከረንት በሚሠራ አሮጌ ሞተሮች ላይ ደግሞ ይርገበገባል። ሙቀት ማስወጫው ከኋላ ተርፎ የላስቲኩን ክዳን አላስገጥም ካለም በክረምት ውሃ ይገባበታል። ለራሱ ተብሎ የተሠራ ሙሉ መብራት ከሆነ ግን ኤል ኢ ዲ ሸጋ ነገር ነው፤ አላማውም።

ከሁሉም ይልቅ ያሳፈረኝ በመጨረሻ ያሳዩኝ ነው። ቴስተራቸውን አውጥተው በባትሪው ላይ ሲለኩ 12 ቮልት ተኩል፣ ከሶኬቱ በፊት ባለው መጋጠሚያ ላይ ሲለኩ ግን ከ11 ብዙም የማያልፍ ሆነ። የጎደለው ከሻሲው ጋር የሚታሠረው ገመድ ስለዛገ ነው። የአምፖል ብርሃን ከቮልቱ በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል፤ ቮልቱ በአሥር እጅ አንድ ሲቀንስ ከብርሃኑ ሲሶ ያህሉ ይጠፋል። ያቺ አሮጌ አምፖል፣ ያ ሻማ የተባለችው፣ ጥፋት አልነበረባትም። እሳቸውም ብሎኑን ፈትተው ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አጸዱት፤ ከሌላ ሞተር የተፈታ መስተዋትና አዲስ ሶኬት ገጠሙ፤ መጋጠሚያውን በናስትሮ ጠቀለሉ፤ ከዚያ ባለ 35 ዋት አዲስ አምፖል፣ ብርጭቆውን ጣታቸው እንዳይነካው በንጹሕ ጨርቅ ይዘው አስገቡ። የእጅ ቅባት ያረፈበት ሃሎጅን በዚያው ቦታ ግሎ ቶሎ ይሞታልና። ቀጥሎም ከጋራዡ ግድግዳ 5 ሜትር ያህል አርቀው አቆሙኝና፣ «ውጣና ተቀመጥባት፤ ክብደትህ ሲያርፍባት ነው የሚስተካከለው» አሉኝ። የአጭሩ መብራት ጠርዝ ግድግዳው ላይ ከመብራቱ ቁመት ጥቂት ጣት ዝቅ ብሎ እስኪያርፍ ድረስ ብሎኑን ቀስ እያሉ አዞሩት። ቀን ቢሆንም ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ብርሃኑ ደልደል ብሎ ይታይ ነበር።

ሒሳቤን ከፍዬ የቀለጠውን ሶኬት ለንብረት ክፍል ማስረጃ ልውሰደው ብል ሳቁብኝ። «ምን ብለህ ልታስረክበው ነው? ልብ ካልህ ተወው» አሉና በግድግዳው ላይ ካለ ምስማር አንጠለጠሉት። በዚያው ምስማር ላይ ሌሎች ስድስት የቀለጡ ሶኬቶች ተንጠልጥለው ነበር። «እነዚህስ የማን ናቸው?» አልኋቸው። «ሁለቱ የነጋዴ ናቸው፤ አራቱ የመንግሥት ነው» ብለውኝ እጃቸውን እየጠረጉ ቡናቸው ወደ ቀረበበት ገቡ።