ባቢሌ ላይ የቀረበልን ወተት



ከሐረር ተነስተን ወደ ጅጅጋ የሚወስደውን መንገድ ይዘናል። መሬቱ ዝቅ እያለ፣ አየሩም ሞቅ እያለ ሄደ። ባቢሌ ስንደርስ በመንገዱ ዳርና ዳር ለውዝ የሚሸጡ እናቶች ተቀበሉን። ከከተማዋ ወዲያ፣ በዳካታ ሸለቆ፣ ሰው የደረደራቸው የሚመስሉ ታላላቅ ድንጋዮች አንዱ በሌላው ላይ ቆመው ይታያሉ። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያደንቃቸዋል። እኛ ግን የመጣነው ለድንጋዮቹ አልነበረም። የፍየል ወተት ልጅ የሚያሳድግበትን ቤት ለማየት ነው።

በብዙው የደጋ አገራችን ፍየል ለሥጋና ለገበያ እንጂ ለወተት አትታሰብም። በዚህ በምሥራቅ ሐረርጌ ግን ፍየል ማለብ የቆየ ልማድ ነው። ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ከዓለማያ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አንግሎ ኑቢያን የተባለውን ዝርያ ከአካባቢው ፍየል ጋር እያዳቀለ ለችግረኛ እናቶች ያዳርስ የነበረው እዚሁ አጠገብ፣ በጉርሱም ጭምር ነው።

ለጉዟችን ሌላም ምክንያት ነበረን። ከመካከላችን አንዱ ወንድማችን ከዓመታት በፊት «ለሳል መድኃኒት ነው» ተብሎ ጥሬ የፍየል ወተት ሲጠጣ ሰነበተ። ሳሉ ሄደ፤ ትኩሳቱ ግን መጣ። እየተወው ሲመለስ፣ ሌሊት ላብ ሲያጠምቀው፣ ወገቡና ጉልበቱ አልታዘዝ ሲሉት ሁለት ወር አለፈ። መጀመሪያ የወባ፣ ቀጥሎ የታይፎይድ መድኃኒት ወሰደ። በመጨረሻ ደሙ ሲመረመር ብሩሴሎሲስ ሆኖ ተገኘ። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ድኖ አብሮን ተጉዟል።

ያረፍንበት ቤት እመቤት ዕድሜያቸው የገፋ እናት ናቸው። በአካባቢው ልማድ «አዴ» እያልን ጠራናቸው። ከዐስር ሶላት በኋላ ፍየሎቹ ከግጦሽ ሲመለሱ ግቢው በአቧራና በግልገል ጩኸት ተሞላ። ግልገሎቹ ቀኑን ሙሉ ለብቻቸው በረት ታግደው ውለዋል። አውራው ፍየል ደግሞ ከሚታለቡት ርቆ ታስሯል። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው፣ «ወተት ሽታ ይሰርቃል፤ የእሱ ሽታ ከገባበት ማን ይጠጣዋል?» አሉን።

ውኃ በዚያ አካባቢ ከሩቅ በአህያ የሚመጣ ነገር ነው። አዴ ግን ማንቆርቆሪያቸውን አንስተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጠቡ። እጃቸውን ዕቃ ውስጥ አልነከሩም፤ እያፈሰሱ ነው የታጠቡት። ከእንቅልፍ የተነሳ ሰው እጁን ሳይታጠብ ወደ ውኃ ዕቃ እንዳያስገባ ከልጅነታችን የተማርነው ትዝ አለን። ውዱእ ማድረግ የለመደ እጅ ጥቂት ውኃ ትበቃዋለች።

ግልገሏ ጥቂት ጠብታ ጠብታ ወተቱ እንዲወርድ ካደረገች በኋላ ወደ ጎን ተሳበች። አዴ የግልገሏን ለሐጭና አቧራውን ከግቱ ላይ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠረጉ፤ ቀጥለውም በደረቅ ጨርቅ አደረቁት። ግቱ እርጥብ ከሆነ ቆሻሻው ከውኃው ጋር ወደ ወተቱ ይንጠባጠባል። ጨርቁም ለእያንዳንዷ ፍየል የተለየ ነው። ያለዚያ የአንዷ በሽታ ለሌላዋ ይደርሳል።

«ቢስሚላህ» ብለው ከሁለቱም ጡቶች የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጭረቶች ወተት ጥቁር ሳህን ላይ አለቡና ተመለከቱት። በጡቱ ቀዳዳ ያደረው ወተት ቆሻሻ አያጣውም። ከዚህም በላይ፣ ወተቱ የረጋ ነገር፣ ደም ወይም ውኃ መሰል ፈሳሽ ካሳየ ግቱ ታሟል ማለት ነው። እንዲህ ያለችው ፍየል ከሁሉም በኋላ ትታለባለች፤ ወተቷም ለቤተሰብ አይቀርብም። ማለቢያው ዕቃ በፈላ ውኃ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተደፍቶ ደርቆ፣ በወይራ ጭስ የታጠነ ነበር። ጎረቤት በጄሪካን እንደሚጠቀም ሲነግሩን፣ «እጄ የማይገባበትን ዕቃ እንዴት አድርጌ አጥበዋለሁ?» አሉ። ታልቦ ያበቃውን ወተት በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልለው፣ ከድነው ጥላ ሥር አኖሩት።

እኛ ለመጻፍ ያሰብነውን ምክር ሁሉ እኚህ እናት በእጃቸው ጽፈውት አገኘነው። የቀረው አንድ ነገር ነበር። አዴ ወተቱን በጥሬው በኩባያ ቀድተው አቀረቡልን። «ጥሬው ነው ኃይል ያለው፤ እሳት ያደክመዋል» አሉን። የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸውም ኩባያዋን ይዛ ተራዋን ትጠብቃለች።

ዝም ተባባልን። ወተት የቀረበለት እንግዳ እንደማይመልስ እናውቃለን። በእኚያ ንጹሕ እጆች ላይ ነውር ማውጣትም ከበደን። ታሞ የነበረው ወንድማችን ኩባያውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳይጠጣ የራሱን ታሪክ አጫወታቸው። የማልታ ደሴትንም ታሪክ ጨመረላቸው። በዚያች ደሴት ፍየሎች በየመንገዱ እየተነዱ በየደጁ ይታለቡ ነበር። እንግሊዛውያን ወታደሮችም በትኩሳት ይታመሙ ነበር። ዴቪድ ብሩስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1887 ጀርሙን አገኘ። ከየት እንደሚመጣ ግን እስከ 1905 አልታወቀም። በዚያ ዓመት የማልታው ተወላጅ ዶክተር ቴሚስቶክሊስ ዛሚት ጀርሙን ጤነኛ በሚመስሉ ፍየሎች ደም ውስጥ አገኘው። በ1906 ለወታደሮቹ የፍየል ወተት ሲከለከል በሽታው ከመካከላቸው ወዲያው ቀነሰ።

«አዴ፣ የእጅ ንጽሕና ከውጭ የሚገባውን ይከለክላል» አላቸው ወንድማችን። «ይህ ግን ከፍየሏ ውስጥ ከወተቱ ጋር የሚወጣ ነው። ፍየሏ ወፍራም፣ ፀጉሯም የሚያበራ ሊሆን ይችላል። የሚገድለው እሳት ብቻ ነው።»

አዴ ጥቂት አሰቡና፣ «አምና አንዷ ጨነገፈችብኝ፤ በእጄ ነበር ያወጣሁት» አሉ። ፍየል ሁሉ በዚህ በሽታ ብቻ አይጨነግፍም፤ የጨነገፈውንና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ መንካት ግን አደገኛ ነው። እጅን በፕላስቲክ ሸፍኖ አንስቶ በጥልቅ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ የእንስሳት ሐኪምም ማማከር እንደሚገባ ነገርናቸው።

ከዚያም አዴ ተነስተው ኩባያውን ከወንድማችን እጅ ወሰዱ። «እንግዳ ወተት መለሰ አይባልም፤ የመለስኩት እኔ ነኝ» አሉና ሁላችንም ፊት የነበረውን ወተት ድስት ውስጥ ገለበጡት። የሕፃኗንም ድርሻ ጨመሩበት። ወተቱ ገንፍሎ እስኪነሳ ድረስ እያማሰሉ ቆዩ።

አንባብያን ሆይ! በየቤታችሁ ፍየል የምታልቡ፣ ወይም ለልጅ ሳል ጥሬ ወተት የምታፈላልጉ ካላችሁ የአዴን እጅና የአዴን ድስት አትለያዩ። መግሪብ አዛን ሲል ሕፃኗ ትኩሱን ወተት እፍ እያለች ትጠጣ ነበር። እኛም ጠጣን። ኃይሉ አልጎደለም።