ይዞራል እንጂ አያሞቅም

መንዝን በክረምት ያላየ ሰው የደረቀ ልብስ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ አያውቅም። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሐምሌ ሲገባ ጉሙ ወርዶ ደጃፍ ላይ ይተኛል፤ ሰኞ የታጠበ ሸሚዝ ዐርብም ርጥብ ነው። እኔም በተማሪዎቼ ፊት የምቆመው ብዙ ጊዜ ምድጃ ዳር የደረቀ፣ ጢስ ጢስ የሚል ልብስ ለብሼ ነው።

ስለዚህ ቤት ያከራዩኝ እማማ፣ ዐረብ አገር ያለችው ልጃቸው የልብስ ማድረቂያ መኪና በላከችላቸው ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ መጣ። መኪናው ሁለት ሳምንት የጎረቤቱን ጋቢና ነጠላ ሲያደርቅ ሰነበተ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ይዞራል እንጂ አያሞቅም። በሆዱ ውስጥ ደግሞ እንደ ምንም ተጠቅጥቆ የገባ ርጥብ ባና ነበረ። ጠጕሩን የፈተሉት እማማ፣ የሸመኑት ሟቹ ባለቤታቸው ናቸው። ልጅቱ ለእንቁጣጣሽ ስትመጣ እንድትደርበው አስበው ያጠቡት ነበር።

«ልጄ፣ አንተ ፊዚክስ ታስተምር የለም? እስቲ እየው» አሉኝ። ደረቴን ነፋ አድርጌ ገባሁ።

ማድረቂያ መኪና ሁለት ሥራ አለው፤ ማዞርና ማሞቅ። ለሚያዞረው ሞተር ጥቂት መቶ ዋት ይበቃዋል፤ የሚግለው ሽቦ ግን ሁለት ሺሕ ዋት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ አንዱ ሥራ ሲያቆም ሌላው ሊቀጥል ይችላል። ሙቀት ከሌለው መኪናው ነፋስ ብቻ ነው፤ ነፋስ ደግሞ መንዝ ሞልቷል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ10 ዲግሪ 9 ግራም ያህል እንፋሎት ይሸከማል፤ በ60 ዲግሪ ግን 130 ግራም ያህል። ልብስ የሚደርቀው በዚህ ልዩነት ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት የኤሌክትሪኩን ኀይል ነበር። መስመራችን 220 ቮልት ነው፤ ወደ 160 ቢወርድ ሙቀቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለካው 215 ሆነ። ሶኬቱን ነቅዬ ጀርባውን ፈታሁና የሚግለውን ሽቦ መረመርሁ፤ አልተበጠሰም። ግማሽ ቀን ሄደ። ሰው በደጅ ቆሞ ያየኛል፤ በዚያ ብርድ አላበኝ። አንድ ጎረምሳ «መምህር፣ በሽቦ በቀጥታ እናገናኘዋ!» አለ። እምቢ አልሁት፤ በዚያን ቀን ከሠራሁት ሁሉ የሚሻለው ይኸው ነው።

በመጨረሻ ወንፊቱን ሳወጣ የጋቢው ብናኝ እንደ ባዘቶ ተደፍኖበታል። የአየር መውጫውን ቱቦ ብከተል ደግሞ ጫፉ ላይ ጨርቅ ተወትፎበታል። «ሰሞኑን ብርዱ ሲገባብኝ እኔው ነኝ የወተፍሁት» አሉ እማማ። መውጫ ያጣው ሙቀት ቢበረታ፣ እሳት እንዳይነሣ የተሠራው መቁረጫ መስመሩን ዘግቶታል። መኪናው አልታመመም፤ ራሱን ጠብቋል። በሽቦ አገናኝተነው ቢሆን ኖሮ ቤቱን ለእሳት በሰጠነው ነበር። ወንፊቱን ጠረግሁ፤ ጨርቁን ነቀልሁ፤ የመቁረጫውን ትንሽ ቁልፍ ተጫንሁ፤ ሁሉንም ገጥሜ ባስነሣው ሞቀ! እልል ተባለ።

ባናውን መልሼ ልከተው ስል እማማ እጄን ያዙኝ።

«ቆይ ልጄ፤ ባና ተሸምኖ ሲያልቅ እንዲጠብቅ በሙቅ ውሃ እየረገጥን አይደል የምናኮማትረው? ይኸስ እያሞቀ ሲያገላብጠው ምን ሊያደርገው ነው?»

ዝም አልሁ። ሙቀት፣ ርጥበትና መገላበጥ ሲገናኙ የበግ ጠጕር እርስ በርሱ ተያይዞ እንደሚኮማተር፣ ተመልሶም እንደማይዘረጋ በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ። በሰዓቱ ያስታወሱት ግን እሳቸው ናቸው። መኪናው ያን ዕለት ጧት ሞቆ ቢሆን ኖሮ፣ የሟቹ የእጅ ሥራ የሕፃን መጠቅለያ ሆኖ በወጣ ነበር።

ባናው ከጓሳ ሣር በተገመደ ገመድ ላይ ተሰጥቶ፣ ጠብ ጠብ እያለ፣ በአምስተኛው ቀን ደረቀ። ለእንቁጣጣሽ ልጅቱ ደረበችው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ መኪናህ እየዞረ ባያሞቅ፣ ጀርባውን ከመፍታትህ በፊት ወንፊቱንና መውጫውን ተመልከት፤ መቁረጫው ደጋግሞ ቢቆርጥም ባለሙያ ጥራ እንጂ አታስገድደው። እኔም ከዚያ ወዲህ ስለ ሙቀት ማስተማር ስጀምር አስቀድሜ ተማሪዎቼን፣ በቤታችሁ ባና ሲረገጥ ምን አይታችኋል? ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ መልስ አላቸው።