የኮዬ ፈጬ ደረጃ

ከቃሊቲ በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ ኮዬ ፈጬ የሚመጣ ሰው ኮንዶሚኒየሙን ከሩቅ ያየዋል። ቀድሞ እርሻ በነበረው ሜዳ ላይ ሕንፃው ተደርድሮ ማለቂያ የለውም። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. በወጣው ዕጣ የዚህ ሠፈር ቤቶችም ነበሩበት። ከየአቅጣጫው የመጣ፣ የማይተዋወቅ ሰው በአንድ ደረጃ መውጣትና መውረድ ጀመረ። እኔም ከነርስነት ሥራዬ ጡረታ ስወጣ ልጄ ዘንድ ሦስተኛ ፎቅ ገባሁ።

ውሃ በጠፋበት አንድ ቀን አንዲት እናት ጀሪካናቸውን ደረጃው ላይ አስቀምጠው ያለከልካሉ። የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ ሰላም እንኳ ሳይላቸው ግድግዳውን ታክኮ አለፈ። ስቆጣው፣ «እማዬ፣ የማታውቀውን ሰው አታናግር ብላችሁኝ የለ?» አለኝ።

ደነገጥኩ። ልጁ አላጠፋም፤ ያስተማርነውን ነው የፈጸመው። እኛ ባደግንበት ሠፈር ልጅ የጎረቤት ሁሉ ልጅ ነበረ። እዚህ ግን ፈርተን በሩን ስንቆልፍ ሰላምታውንም አብረን ቆልፈንበታል።

ጀሪካኑን ተጋግዘን አራተኛ ፎቅ አደረስን። ቡና ጠጡ ተባልን። ብቻቸውን እንደሚኖሩና የስኳር ሕመምተኛ እንደሆኑ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ማታ ከልጄ ጋር ተመካክረን ለልጁ አዲስ ደንብ አወጣን፦ ጎረቤትን ቆመህ ሰላም በል፤ ሸክም አግዝ፤ ለእኛ ሳትነግር ግን ማንም ቤት አትግባ።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት አራተኛ ፎቅ ወጥቶ፣ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ይላል። አንድ ጠዋት እየሮጠ ተመለሰ። «እማማ በደንብ አይናገሩም!» አለኝ። ስደርስ ላብ አጥምቋቸዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ኢንሱሊን ወስደው ቁርስ አልበሉም ነበር። መዋጥ ይችሉ ስለነበር ስኳር በውሃ በጥብጬ አጠጣኋቸው፤ ቀስ በቀስ ተመለሱ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ፈጥኖ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2016 ዓ.ም. በማኅበራዊ ግንኙነት ላይ የሚሠራ ኮሚሽን ያቋቋመው ብቸኝነት ጤናን እንደሚጎዳ ስለታወቀ ነው። ለእኛ ግን መጀመሪያው ቅርብ ነው። ወላጆች፣ አያቶች፣ ልጆቻችንን ከክፉ ስንጠብቅ ከጎረቤት አንነጥላቸው። አሁን በእኛ ደረጃ ሌሎች ልጆችም «እንዴት አደሩ?» ማለት ጀምረዋል።