ጨው፣ ድንጋይና ትዕግሥት

ባሕር የሌለው አገር ተማሪ ባሕርን የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው በካርታ፣ ሁለተኛው በሰው ወሬ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ከሆነች በኋላ የተወለድን እኛ፣ ምጽዋንና ዳህላክን የምናውቃቸው ታላላቆቻችን ሲያነሡአቸው ብቻ ነው። እንግዲህ ሦስተኛ መንገድ ይኖር እንደሆነ ለመሞከር ሦስት የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ተስማምተን፣ ከስድስት ኪሎ በላይ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ መቶ ሊትር ባሕር ለመሥራት ተነሣን።

«ይህ የባዮሎጂ ተማሪዎች ሥራ ነው እንጂ የእናንተ አይደለም» ያሉን ወዳጆች አሉ። መልሳችን አጭር ነው፤ ወደዚህ ነገር ያስገባን መጽሐፍ ነው። እንግሊዛዊው ኤድመንድ ጎስ በ1907 (የውጭ አገር ታሪክ ስንጠቅስ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) «አባትና ልጅ» የተባለውን የሕይወት ታሪክ አሳተመ። አባቱ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የባሕር ፍጥረትን በመስተዋት ገንዳ የማኖርን ጥበብ በ1854 ባወጣው መጽሐፍ ለሕዝብ ያስተማረ ሰው ነበረ። ሕዝቡም ትምህርቱን ተቀበለና ባልዲና መረብ ይዞ ወደ ባሕር ዳር ወረደ። ልጁ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚያዝነው ስለዚሁ ነው፤ አባቱ በፍቅር የጻፈላቸው በዐለት መካከል ያሉ የባሕር ኩሬዎች፣ በአንባቢዎቹ እጅ ተራቁተው ቀሩ። ይህን ካነበብን በኋላ አንድ ጥያቄ ከመካከላችን አልወጣም። ሰው የወደደውን ነገር ሳያጠፋ ወደ ቤቱ ሊያስገባው ይችላልን?

ሥራው የተጀመረው በጨው ነው። የአንደኛችን የአክስት ልጅ ከዱባይ ሲመጣ፣ ቤተ ዘመዱ ሽቶና ልብስ ሲጠብቅ፣ ከሻንጣው የወጣው የታሸገ የባሕር ጨው፣ ዐሥር ኪሎ የደረቀ ቀዳዳ ድንጋይ፣ ማሞቂያ፣ የውሃ መመርመሪያና ባክቴሪያ ያለባት አንዲት ጠርሙስ ነበረ። «ድንጋይ ከባሕር ማዶ?» ተብሎ የተሣቀውን ሣቅ አንባቢ ይገምተው። አከራያችን እማማ ደግሞ በቅንነት ጠየቁን፤ «ልጆቼ፣ የቸገራችሁ ጨው ከሆነ አሞሌ ከገበያ ጠፍቶ ነው ወይ?»

የእማማ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ ሠላሳ አምስት ግራም ያህል ጨው አለ፤ ስለዚህ ለመቶ ሊትር ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ያስፈልጋል። ከዚህም የሚበዛው እጅ በወጥ የምንበላው ያው ጨው ነው። ነገር ግን ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም በልኩ ካልተጨመረበት በቀር የባሕር ፍጥረት አይኖርበትም፤ በተለይ ኮራል (ዐረቦች መርጃን የሚሉት) አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየሙ ነው። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ መሆኑን፣ በሥጋውም ውስጥ ብርሃን እየተቀበሉ ምግብ የሚሠሩለት ረቂቅ አልጌዎች መኖራቸውን የተማርነው በዚሁ ሰበብ ነው። ደግሞም አንድ ነገር አገኘን። አሞሌ የሚቆረጥበት የዳናክል ረባዳ፣ ከባሕር ጠለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ የዘቀዘቀው ምድር፣ ከመቶ ሺህ ዓመት በፊት የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶበት ነበረ፤ ዛሬም በዳርቻው በድንጋይነት የቀረ ኮራል ይታያል። አገራችን የኮራል ዐለት የላትም ማለት ልክ አይደለም፤ አላት፣ ውሃው ግን ሄዷል።

ጨውን በተጣራ ውሃ በጥብጠን፣ ድንጋዩን ደርድረን፣ ፓምፑን ካስነሣን በኋላ የመጣው ሥራ ከሁሉ የከበደው ነው፤ ይኸውም ምንም ሳያደርጉ መጠበቅ ነው። አዲስ ገንዳ ወዲያው ዓሣ አይገባበትም። ከሚበሰብስ ነገር ሁሉ አሞንያ ይወጣል፤ አሞንያ ዓሣን ይገድላል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞንያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እርሱም መርዝ ነው። ሌላው ዓይነት ደግሞ ናይትራይቱን እጅግ ወደሚቀለው ወደ ናይትሬት ያደርሰዋል። እነዚህ ረቂቃን ሠራተኞች በድንጋዩ ቀዳዳ እስኪበዙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እኛም ለእነርሱ ስንል በባዶ ገንዳ ውስጥ የዓሣ ምግብ ቁንጥር እያደረግን በተንን። ለማይታይ ከብት ድርቆሽ እንደ መስጠት ነው። ጎረቤቶቻችን ማታ ማታ ብቅ እያሉ «ዛሬስ ምን በቀለ?» ይሉናል፤ አንዱማ «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ብሎን ሄደ። የመመርመሪያው ቀለም ግን በየሳምንቱ እየተለወጠ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ እንደሚሄድ ይመሰክርልን ነበረ።

አዲስ አበባም የራሷን ፈተና ጨመረችበት። የኮራል ባሕር ሃያ አምስት ዲግሪ ገደማ ይወዳል፤ የኅዳር ሌሊት ግን ክፍላችንን ያንዘፈዝፋታል፤ ስለዚህ ማሞቂያው ዕረፍት የለውም። ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ስለምንኖር አየሩ ስስ ነው፤ ውሃችን ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በባሕር ዳር ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። የበጋው ድርቅ አየር ውሃውን ይጠጣዋል፤ የሚተነው ውሃው እንጂ ጨው ስላልሆነ፣ የጎደለውን በየቀኑ በጨው አልባ ውሃ መሙላት ግድ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ፓምፑም ዝም አለ። ባክቴሪያውም እንደ እኛ ኦክስጅን ይሻል። ስለዚህ በሻማ ብርሃን፣ በተራ፣ በጆግ እየቀዳን ከፍ አድርገን እያፈሰስን እስከ ሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ቆየን። ያን ጊዜ ትዝ ያለን አና ታይን የምትባል የለንደን እመቤት ታሪክ ነው። በ1846 ከባሕር ዳር ኮራል አምጥታ በቤቷ ስታኖር፣ ውሃው አየር እንዲያገኝ በየቀኑ በመስኮት አጠገብ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየተገለበጠ ይፈስስ ነበረ። የሚያፈስሱት ክንዶች ግን የእመቤቲቱ አልነበሩም፤ የቤት ሠራተኛዋ ነበሩ። ባነበብናቸው ገጾች ላይ እመቤቲቱ በሙሉ ስሟ ስትጠራ፣ ያቺ ሴት «ገረዷ» ከመባል አላለፈችም። በአንድ ሌሊት ክንዳችን ለዛለብን ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አልመሰለንም። ውብ ነገር በታየ ቁጥር ውሃውን ማን እንደሚቀዳ መጠየቅ ይገባል።

አሁን ናይትራይቱ ጠፍቷል፤ ውሃው ተዘጋጅቷል። ስለዚህ ጉባኤ ተቀመጥን። አንደኛችን «የአክስቴ ልጅ ለገና ይመለሳል፤ አንዲት ቅርንጫፍ ኮራል ከባሕር ቢያመጣልን ባሕር አትጎድልም» አለ። ሁለተኛው «የጎስ አንባቢዎች ሁሉ እንዲሁ ይሉ ነበረ» ሲል መለሰለት። የድንጋይ ኮራል ከአገር ወደ አገር የሚያልፈው በፈቃድ እንደሆነም አነሣን። ነገሩ የሕግ ብቻ አይደለም፤ ከ2023 ጀምሮ በሞቀ ባሕር ምክንያት በዓለም ዙሪያ ብዙ ኮራል አልጌውን እየተፋ ነጣ፤ ከነጣውም የሞተ አለ። ቤቱ እየተቃጠለበት ካለ ሰው ዕቃ መውሰድ ማዳን ነው ወይስ መዝረፍ? ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ደረሰ። የመጀመሪያው ወንድማችን «ያላዩትን ማን ይጠብቃል? እኛስ ድንጋይ ባናመጣ ስለ ኮራል ዛሬ እንነጋገር ነበረን?» ያለው ቃል እውነት አለበት፤ ማንም ሊያስተባብለው አልቻለም።

በመጨረሻ ሁለት ለአንድ ተወሰነ። ከባሕር የተነቀለ ኮራል አይገባም፤ ከገባ በገንዳ ውስጥ ካደገ ኮራል የተከፈለ ቁራጭ ይሁን። ዓሣም ቢሆን በሰው እጅ የተፈለፈለ ይሁን፤ ክላውንፊሽ የሚባለው ባለ ነጭ መቀነት ዓሣ እንዲህ ሆኖ ይራባል። ይህም የሚሆነው፣ አንድ ሙሉ ሌሊት መብራት ቢጠፋ ፓምፑን የሚያነሣ ባትሪ ገዝተን በሙከራ ካረጋገጥን በኋላ ነው። የተሸነፈው ወንድማችን ለባትሪው መዋጮ መጀመሪያ ገንዘብ ያወጣ እርሱ ሆነ።

የተከበራችሁ አንባብያን፣ ሰው በአገራችን አንድን ነገር ሲጀምር ምርቃቱን ነው የሚያስበው፤ ድንጋዩ እስኪዘጋጅ የሚጠብቅ ጥቂት ነው። ለማኅበርም፣ ለጋዜጣም፣ ለሌላም ሥራ እንግዳ ከመጥራት በፊት ቤቱ ሊያኖረው መቻሉን ማየት ይበጃል እንላለን። ገንዳችንን ለማየት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ፤ ለጊዜው የሚያየው ግን ድንጋይና ጥሩ ውሃ ብቻ መሆኑን አስቀድመን እንነግራለን።